ለማገዶ ጭነት የሚሆን መኪና እንዴት ይመረጣል? የደሴና የኮምቦልቻን መንገድ መነሻ ያደረገ ማብራሪያ

ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ አጭር መንገድ ውስጥ ግን መኪና 600 ሜትር ያህል ከፍታ ይወርዳል፤ ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትቀመጥ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ ተዘርግታለች። በደሴ ዙሪያና በኩታበር ደጋማ ቀበሌዎች የሚቆረጠው ባህር ዛፍ ተፈልጦ ወደ ኮምቦልቻ እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ዳቦ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ሲሄድ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት መውረድ አለበት።

የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተነሳ መምጣቱ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉ የመኪናን ነገር የየቤቱ ወሬ አድርጎታል። ባህር ዛፍ ያለው ገበሬ፣ ማገዶ ነጋዴው፣ ገንዘብ አዋጥተው መኪና ለመግዛት የሚመክሩ ወጣቶች ተመሳሳይ ነገር ይጠይቃሉ፦ ፒካፕ ይሻላል ወይስ አይሱዙ? ባለ ሦስት እግር ሞተር ያዋጣል? ከኋላ ተጎታች ቢታሰርስ?

አብዛኛው ሰው መኪና ሲያይ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ «ስንት ኩንታል ይጭናል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለእኛ መንገድ ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። ቀሪው ግማሽ «ያን ሁሉ ጭኖ ሐረጎን ሲወርድ በምን ይቆማል?» የሚለው ነው። ከዚህ ቀጥሎ ሁለቱንም እናያለን፤ ብዙ የምንቆየው ግን ሁለተኛው ላይ ነው፤ ሰው የሚሞተው እዚያ ላይ ነውና።

ማገዶ ከእህል ወይም ከሲሚንቶ ጭነት በምን ይለያል?

አንድ ኩንታል ጤፍ ዛሬም በወሩም አንድ ኩንታል ነው። ማገዶ እንዲህ አይደለም፤ ክብደቱ በውስጡ ባለው ውሃ ልክ ይለዋወጣል። ዛሬ የተቆረጠ ባህር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ተደርድሮና ነፋስ እያገኘ አንድ በጋ ሲያሳልፍ ግን ውሃው ወደ አምስተኛ እጅ ይወርዳል።

ይህ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። ከ100 ኪሎ እርጥብ ፍልጥ ውስጥ 50 ኪሎው እንጨት፣ 50 ኪሎው ውሃ ነው። ፍልጡ ሲደርቅ እንጨቱ እንዳለ ይቀራል፤ ውሃው ግን ወደ 12 ኪሎ ተኩል ዝቅ ይልና ጠቅላላው 62 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ስለዚህ 40 ኩንታል እርጥብ እንጨት ከደረቀ በኋላ ሲመዘን 25 ኩንታል ብቻ ነው። የጎደለው 15 ኩንታል በሙሉ ውሃ ሲሆን 75 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል። እርጥብ እንጨት የሚያጓጉዝ ሰው በየምልልሱ 75 ጀሪካን ውሃ ይጭናል፣ ነዳጅ ያቃጥልበታል፣ ፍሬኑንና ጎማውን ይጨርስበታል ማለት ነው።

ገዢውም የሚፈልገው ሙቀቱን ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ ማገዶ ከአንድ ኪሎ እርጥብ ማገዶ እጥፍ ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ እርጥቡ ሲነድ ከሙቀቱ ከፊሉ በውስጡ ያለውን ውሃ ለማትነን ይውላል፣ ጭሱም የጋጋሪዋን ዓይን ያጠፋል። ኮምቦልቻ ውስጥ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች የሚያስረክቡ አንዲት እናት ማገዶ ሲረከቡ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ከጭነቱ መሀል ሁለት ፍልጥ መዝዘው አጋጯቸው፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ሲሰማ የፍልጡን ጫፍ አገላብጠው ስንጥቁን አዩና ወደ ግራ አኖሩት። ከሌላው ጥግ የመዘዟቸው ሲጋጩ ግን የታፈነ ድምፅ ሰጡ፤ ገና የሚያለቅስ እንጨት ነው ብለው ወደ ቀኝ ለዩት። ሚዛን ሳይነኩ ጭነቱን ለሁለት ከፈሉት። መኪና ከመምረጥ በፊት የሚመጣው ምርጫ ይህ ነው፦ እንጨቱ የሚደርቀው ቆረጣው ቦታ ላይ ነው ወይስ ከተማ ከገባ በኋላ? እዚያው ደጋው ላይ የሚያደርቅ ሰው በትንሽ መኪና ብዙ ሙቀት ያጓጉዛል።

ሊብሬው ላይ የተጻፈው የጭነት አቅም ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ ሦስት ክብደቶችን መለየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው የመኪናው ባዶ ክብደት ነው። ሁለተኛው የጭነት አቅም ሲሆን መኪናው እንዲሸከም የተፈቀደለት ዕቃ ማለት ነው። ሦስተኛው ጠቅላላ ክብደት ነው፤ ይህም መኪናው፣ ጭነቱ፣ ነዳጁ፣ ሾፌሩና ረዳቱ ተደምረው ጎማው ላይ የሚያርፈው ሸክም ነው። ካሶኒውን (ዕቃ የሚጫንበትን ሳጥን) በብረት ያስረዘመ፣ ስፖንዳውን (የሳጥኑን ግድግዳ) ከፍ ያደረገ፣ ትርፍ ጎማና መጥረቢያ ደርድሮ የሚዞር ሰው ባዶ ክብደቱን ስለጨመረ የዚያኑ ያህል ከጭነት አቅሙ ቀንሷል።

የጭነት አቅም የሚወሰነው በሞተር ጉልበት ብቻ አይደለም። ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም)፣ ባሌስትራው (ካሶኒውን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ)፣ የጎማው አክሰል፣ ጎማዎቹና ፍሬኑ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ልክ አላቸው፤ ሊብሬው ላይ የሚጻፈው ሁሉም በአንድነት የሚችሉት ነው። በብዙ ጋራዥ የሚታየው ትልቁ ስሕተት የሚመነጨው ይህን ካለመረዳት ነው። ባለቤቱ ባሌስትራ ያስጨምራል፤ መኪናው ከኋላ ቀጥ ብሎ ሲቆም «አሁን 20 ኩንታል ተጨማሪ ይችላል» ይባላል። አህያ ጀርባዋ እንዳይቆስል የሚነጠፍላትን ጨርቅ ብናወፍርላት ሸክሙ ይመቻታል እንጂ ጉልበቷ አይጨምርም። ባሌስትራውም እንደዚሁ ነው፤ ካሶኒው እንዳይጎብጥ ያደርጋል፣ ፍሬኑና ጎማው ግን የቀድሞዎቹ ናቸው። እንዲያውም ጎብጦ ያስጠነቅቅ የነበረውን ምልክት ስለሚደብቅ አደጋውን ያከብደዋል።

ካሶኒው ሳይሞላ አቅሙ ሊሞላ ይችላልን?

አዎ፣ በማገዶ ጭነት ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው። በደንብ የተደረደረ አንድ ሜትር ኩብ ፍልጥ፣ በመሀሉ ያለው ክፍት ቦታ ታስቦ፣ እርጥብ ከሆነ 7 ኩንታል ገደማ፣ ደረቅ ከሆነ 5 ኩንታል ገደማ ይመዝናል።

የመጫን አቅሙ 40 ኩንታል የሆነ አይሱዙ እንውሰድና የካሶኒው ወለል 4 ሜትር በ2 ሜትር፣ ማለትም 8 ካሬ ሜትር ነው እንበል። እርጥብ ፍልጥ ሲደረደር አቅሙ የሚያልቀው ቁመቱ 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ነው። ደረቅ ከሆነ 1 ሜትር ያህል መደርደር ይቻላል። አሁን በየመንገዱ የምናየውን እናስብ፦ ከካቢናው ጣሪያ ጋር የተስተካከለ፣ 1 ሜትር ተኩል የተከመረ እንጨት። ይህ 12 ሜትር ኩብ ነው፤ ደረቅ ቢሆን 60 ኩንታል፣ እርጥብ ቢሆን 84 ኩንታል ይመዝናል። ዓይን የሚያየው አንድ ሙሉ ካሶኒ ነው፤ ጎማው የሚሸከመው ግን የአቅሙን እጥፍ ነው።

የመጫን አቅሙ 10 ኩንታል የሆነ ባለ አንድ ካቢና ፒካፕም እንዲሁ ነው። ወለሉ 2 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ተኩል ቢሆን እርጥብ ፍልጥ 43 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም እስከ ስፖንዳው ጠርዝ ያህል፣ ደረቁ ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይፈቀድለታል። ስፖንዳው ላይ እንጨት አቁሞ፣ ከፍ አድርጎ መከመር ለደረቅ ቅጠልና ለጭራሮ እንጂ ለግንድ አይሆንም።

ይህን ቁጥር በግምት ከመቀበል ይልቅ የራስን እንጨት መመዘን ይሻላል። አንድ ሜትር ርዝመት፣ አንድ ሜትር ስፋት፣ ግማሽ ሜትር ቁመት አድርጎ ደርድሮ፣ ያንን በየተራ እህል በሚመዘንበት ባስኩላ መዝኖ በ2 ማባዛት በቂ ነው። ካሶኒው ላይ ደግሞ አቅሙ የሚያልቅበትን ቁመት በቀለም ማስመር ይቻላል፤ አንዱ መስመር ለእርጥብ፣ ሌላው ለደረቅ። ጫኞቹ ሳይጨቃጨቁ የሚያቆሙበት ልክ ይሆናቸዋል።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ምን ይሆናል?

ከሐረጎ በታች፣ መንገድ ዳር፣ ማገዶ የጫነ አይሱዙ ቆሞ ያየሁበትን አንድ ቀን አልረሳም። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ ወሽቋል፤ ከቸርኬው ቀዳዳዎች ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፤ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ አየሩን ሞልቶታል። ሾፌሩ መሬት ላይ ተቀምጦ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ረዳቱ ጀሪካን አንስቶ በጋለው ጎማ ላይ ውሃ ሊደፋ ሲል አንድ አዛውንት ሾፌር ከኋላ መጥተው እጁን ያዙት። ልክ ነበሩ፤ በጣም የጋለ የፍሬን ታምቡር ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ሊሰነጠቅ ይችላል። የሚሻለው ታኮ አድርጎ፣ ራቅ ብሎ ተቀምጦ፣ ነፋስ እስኪያበርደው መጠበቅ ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ክብደት ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት አለ፤ መኪናው ፍጥነት እንዳይጨምር ከተፈለገ ያ ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ መውጣት አለበት። ፍሬን ማለት መውረድን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ምድጃ ነው ቢባል አልተሳሳተም። ጭነቱና መኪናው ተደምረው 75 ኩንታል የሆነ አይሱዙ ከደሴ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 7 ጀሪካን ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያው መኪና በ40 ፋንታ 84 ኩንታል ከጫነ ሙቀቱ ከ10 ጀሪካን በላይ የሚያፈላ ይሆናል። ከዚህ ሙቀት ከፊሉን ሞተሩ፣ ከፊሉን የአየሩና የጎማው ሰበቃ ይወስዱታል፤ የቀረው በሙሉ አራቱ ጎማዎች ውስጥ ባሉት የፍሬን ሸራዎች ላይ ያርፋል። ምድጃው ያው ነው፤ የተጣደው ድስት ግን ጨምሯል።

ሸራው ከልኩ በላይ ሲግል መያዝ ይሳነዋል፤ ሾፌሩ ፔዳሉን ቢረግጥም መኪናው አይሰማም። ሁለተኛው አደጋ የፍሬን ዘይት መፍላት ነው። በብዙ መኪኖች ላይ የሚደረገው ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ነገር ግን ዘይቱ እየቆየ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ የመፍያ ልኩ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይት ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጨመቅ ይኮማተራል እንጂ ግፊት አያስተላልፍም፣ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። «ፍሬኑ በጠሰ» ከሚባልባቸው አጋጣሚዎች ብዙዎቹ ምንም ነገር ሳይበጠስ በዚህ መንገድ የደረሱ ናቸው። ለዚህ ነው ዳገት ቁልቁለት የሚሠራ መኪና የፍሬን ዘይቱ ተጨምሮበት ብቻ ሳይሆን በየጊዜው ሙሉ በሙሉ ተቀይሮ መሥራት ያለበት።

መፍትሔው ሙቀቱን ከጎማው ላይ አንስቶ ለሞተሩ መስጠት ነው። ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ ፔዳል ሲያነሳና ማርሹ ከባድ (ቁጥሩ ዝቅተኛ) ሲሆን ሞተሩ ጎማውን ይይዘዋል። የቆዩ ሾፌሮች ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ውረደው የሚሉት ትክክለኛ ምክር ነው፤ ማርሹ የሚመረጠውም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፣ ፍጥነት ከጨመረ በኋላ ወደ ከባድ ማርሽ መመለስ ይከብዳልና። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ (ማርሹን አውጥቶ) መውረድ ግን ሰባቱንም ጀሪካን ለፍሬን ሸራው ማስረከብ ነው። በዚያ ላይ ቁጠባው ራሱ ትንሽ ነው፤ አዳዲስ ሞተሮች በማርሽ ቁልቁለት ሲወርዱ ነዳጁን ራሳቸው ያቋርጣሉ።

ስለዚህ ለዚህ መስመር መኪና የሚመርጥ ሰው የጭስ ማውጫውን አፍኖ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ የሚያደርገውን የሞተር ፍሬን ያለው መኪና ቢያገኝ አስቀድሞ እሱን ይምረጥ፤ የሚሠራ መሆኑንም ራሱ ይሞክር። ብዙ የቆዩ መኪኖች ላይ ማብሪያው አለ፣ ፍሬኑ ግን ከተፈታ ዓመታት አልፎታል።

ዳገቱስ?

ዳገቱ ገንዘብ ይበላል እንጂ ሰው አይገድልም፤ ስለዚህ ባጭሩ እንለፈው። በደሴ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ አምስተኛ እጅ ያህል ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር የዚያኑ ያህል ጉልበት ያጣል። ቱርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን ይሸፍናል። ቱርቦ የሌለው መኪና የሚሠራ ሰው ጭነቱን መቀነስና ሞተሩ እንዳይግል ራዲያተሩን መከታተል ይኖርበታል።

ታዲያ የትኛው መኪና ለየትኛው ሥራ?

መልሱ በመንገዱና በምልልሱ ብዛት ይወሰናል። የኮምቦልቻ ሜዳ ላይ፣ ከማገዶ ማከማቻ ወደ ደንበኛ ቤት ለማድረስ፣ የፈረስ ጋሪም ሆነ ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር ጥሩ ሥራ ይሠራሉ። ባለ ሦስት እግሩ ጠባብ ሰፈር ይገባል፣ ነዳጁ ትንሽ ነው፣ ጥገናው ቀላል ነው። ደሴ ውስጥ ግን ነገሩ ይለያል። የሰፈሩ መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ፣ ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ያለው ተሽከርካሪ ደግሞ ጭነት ጨምሮ በኩርባ ላይ ሲታጠፍ ስለሚያጋድል ጭነቱ ከሜዳው ሊያንስ ይገባል። ይህን ተሽከርካሪ ማገዶ አሸክሞ ሐረጎን ማስወረድ በእኔ እምነት በምንም ሂሳብ አያስኬድም።

ፒካፕ የሚስማማው ቆረጣው ቦታ ድረስ ለሚገባ፣ በየጊዜው ጥቂት ለሚጭንና መኪናውን ለሌላም ሥራ ለሚፈልግ ሰው ነው። አይሱዙ ከኋላ ጥንድ ጎማና ሰፊ ፍሬን ስላለው፣ በልኩ ከተጫነ፣ ለደሴ ኮምቦልቻ መስመር የተሻለው መኪና ነው። የነዳጁን ልዩነት ለማየት ያህል ፒካፑ ለ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር፣ አይሱዙው 20 ሊትር ይፈጃሉ እንበል። ደርሶ መልሱ 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን ፒካፑ በ7 ሊትር ገደማ 10 ኩንታል፣ አይሱዙው በ12 ሊትር 40 ኩንታል ያደርሳል። ለአንድ ኩንታል ሲሰላ ፒካፑ ከአይሱዙው ከእጥፍ በላይ ነዳጅ ይፈጃል። ይህ ግን አይሱዙው ሞልቶ ሲሄድ ነው፤ በሳምንት አንዴ 10 ኩንታል ብቻ የሚያመላልስ ሰው አይሱዙ ገዝቶ ከማቆም ፒካፕ ቢይዝ ወይም ለዚያች ቀን ቢከራይ ይሻለዋል።

ከዚያ በላይ ያሉት ትልልቅ መኪኖች በአየር ግፊት የሚሠራ ፍሬን ስላላቸው የፍሬን ዘይት መፍላት አያሰጋቸውም፤ ሸራቸው ግን እንደ ሌላው ሊግል ይችላል። ዋናው ችግራቸው ወደ ቆረጣው ቦታ አለመግባታቸው ነው፤ እንጨቱ በአህያና በሰው ጀርባ እስከ አስፋልት መውጣት አለበት፣ ያም ሌላ ወጪና ሌላ ድካም ነው።

ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ያስፈልጋል?

በእኛ አካባቢ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ በበልግና በክረምት። ዋልካ አፈር ሲረጥብ ጎማ ላይ ተለጥፎ ይሸከመዋል፣ መኪናው ቆሞ ይሽከረከራል። በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና እንዲህ ካለ ቦታ ለመውጣት በእርግጥ ይረዳል። ግን ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ በአራት ጎማ መጎተት የተሻለ መቆም ማለት አይደለም፤ ፍሬን ማንኛውም መኪና ላይ በአራቱም ጎማ ነው፣ ስለዚህ ባለ ሁለት ዲፈረንሻሉ በእርጥብ ቁልቁለት ላይ ከሌላው ፈጥኖ አይቆምም። ሁለተኛ፣ ዋጋውም፣ ክብደቱም፣ የነዳጅ ፍጆታውም ይጨምራል። እንጨቱን በበጋ ቆርጦና አድርቆ፣ መንገዱ ሳይበላሽ አስፋልት ዳር ማከማቸት የሚችል ሰው ይህን ሁሉ ሳያወጣ ሥራውን ይሠራል።

ከፒካፕ ኋላ ተጎታች ማሰርስ?

ተጎታች ርካሽ ካሶኒ ይመስላል፤ ሜዳ ላይ ለሚሠራ ሰውም ያዋጣል። ቁልቁለት ላይ ግን የራሱ ፍሬን ከሌለው ክብደቱ በሙሉ የሚያዘው ከፊት ባለው መኪና ፍሬን ነው፤ ኩርባ ላይ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ከኋላ እየገፋ መኪናውን ወደ ጎን ያዞረዋል። ሁለቱ እንደ መቀስ ይታጠፋሉ፣ ሾፌሩም ሊመልሳቸው አይችልም። የጭነቱ አቀማመጥም ወሳኝ ነው፤ ከተጎታቹ ክብደት አንድ አሥረኛ ያህሉ ማያያዣው ላይ እንዲያርፍ ከባዱ እንጨት ወደ ፊት መሆን አለበት። ከባዱ ወደ ኋላ ከሄደ ተጎታቹ ፍጥነት ሲጨምር ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ፍሬን የሌለው ተጎታች ይዞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውረድን አልመክርም።

የኤሌክትሪክ መኪና ለዚህ ሥራ ይሆናል?

ለቁልቁለት ጥሩ ጠባይ አለው። ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጥና መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፤ ያ 7 ጀሪካን ውሃ የሚያፈላ ጉልበት በከፊል ተመልሶ ለመውጫ ይሆናል። አንድ ነገር ግን ማወቅ ያሻል፦ ደሴ ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ የተነሳ መኪና የሚመጣውን ኤሌክትሪክ የሚያኖርበት ቦታ ስለሌለው ሞተሩ መያዙን ይቀንሳል፣ ሥራው እንደገና ወደ ፍሬን ሸራው ይመለሳል። ከላይ የሚነሳ ሰው ባትሪውን ሳይሞላ፣ ቦታ ትቶ መነሳት አለበት።

እንጨቱ እንዴት ይደርደር?

ከባዱ ግንድ ከታች፣ ከኋላው አክሰል ትንሽ ወደ ፊት። ክብደቱ ወደ ካሶኒው ጅራት ከሄደ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው ኩርባ ላይ አይታዘዝም፤ ይህ በተለይ ፒካፕ ላይ ይብሳል። ርዝመቱን ይዞ የሚደረደር አጣና ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ተንሸራቶ ካቢናውን ሊወጋ ስለሚችል ከፊቱ ጠንካራ የብረት መከላከያ ያስፈልገዋል። አጭር ፍልጥ በአግድም ቢደረደርና በላዩ ገመድ ቢጠብቅ ይሻላል። እንጨት መንገድ ላይ እየተንቀጠቀጠ ስለሚቀመጥ፣ ጠብቆ የተነሳ ገመድ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ይላላል፤ ሐረጎ ከመጀመሩ በፊት ቆሞ እንደገና ማጥበቅ ልማድ ሊሆን ይገባል። ከኋላ ተርፎ የሚወጣ እንጨት ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበት። ጫኞች በጭነቱ ላይ ተቀምጠው መጓዝ የለባቸውም፤ መኪናው ሲያጋድል መጀመሪያ የሚወድቁት እነሱ ናቸው፣ እንጨቱም የሚወድቀው በላያቸው ነው።

ወረቀቱስ?

የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የደን ውጤት ዝውውርን ስለሚቆጣጠር፣ የራስን ባህር ዛፍ ቆርጦ የሚያጓጉዝ ሰውም ቢሆን አስቀድሞ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቆ የይለፍ ወረቀቱን መያዝ ይኖርበታል። ለኪራይ የሚሠራ መኪና የንግድ ታርጋ፣ የዓመቱ ቦሎና በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል።

ከመግዛት በፊት ምን ይታይ?

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ባዶውን በሜዳ ላይ ነድቶ መወሰን የለበትም። ከባለቤቱ ጋር ተስማምቶ ግማሽ ጭነት ይጫን፣ ልምድ ያለው ሾፌር ይዞ በከባድ ማርሽና በዝግታ አጠር ያለ ቁልቁለት ይውረድ፣ ከታች ሜዳ ላይ ይቁም። ከዚያ በየጎማው ዙሪያ ይዙር፤ እጁን ከቸርኬው ጥቂት ራቅ አድርጎ ሙቀቱን ያስተያይ። አራቱም ተቀራራቢ ሙቀት ካላቸው ፍሬኑ እኩል ይሠራል። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ እሱ ብቻውን እየያዘ ነው ወይም ተጣብቆ አልለቀቀም፤ አንዱ ተለይቶ ከቀዘቀዘ ምንም እየሠራ አይደለም። የፔዳሉ ከፍታ መውረዱ ከመጀመሩ በፊት ከነበረው ዝቅ ብሎ እንደሆነም እግሩን ጭኖ ይየው። በዋጋው መነጋገር ያለበት ከዚህ በኋላ ነው።